ማስት፣ ሹድ፣ ሜይ እና የጓዳው ግድግዳ

ሰኞ፣ ጥቅምት 10። ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

ዛሬም «ማስት»። ጠዋቱን ሙሉ ግዴታና ምክር አንድ አለመሆናቸውን ሳስረዳው ቆየሁ። የእንግሊዝኛ ተማሪዬ በርጋ ሲወጣ ከደጃፉ ዞሮ ውኃ መጠጣት «ማስት» ነው ብሎኝ ሄደ። ግዴታ ጣለብኝ ማለት ነው። በገዛ ቤቴ። ለጤናዬ ማሰቡ ከሆነ «ሹድ» ይበቃው ነበር።

ተማሪዬ መጥፎ ሰው አይመስልም። አርባን አልፏል፤ አላገባም። ዱባይ ተራ ጫማ በጅምላ ይሸጣል፤ ዕቃ ለመምረጥ ወደ ቻይና ይመላለሳል። እዚያም ባለፋብሪካውን፣ የሆቴል እንግዳ ተቀባይዋን፣ የአውሮፕላን ማረፊያውን ዘብ ሁሉንም የሚያናግረው በ«ማስት» ነው። ዋጋ ቀንስ፣ ማስት። ቁልፍ ስጪኝ፣ ማስት። አሳልፈኝ፣ ማስት። እስከ ዛሬ አለመታሰሩ ይደንቃል። ሰኞና ረቡዕ ሱቁን ሳይከፍት ወደ ቤቴ የሚመጣው ይህን ለማረም ነው። እንዲያ ይላል። ያመጣችው ልጄ መሠረት ናት፤ የእርሷ የልጆች ልብስ ሱቅ ከእርሱ ሱቅ ጎን ነው።

ማስታወሻዬ፣ አንድ ነገር ልብ በልልኝ። ሊማር የመጣ ሰው የሚያየው ሰሌዳውን ነው። ይህ ሰው የሚያየው የጓዳዬን ግድግዳ ነው። ከግድግዳው ወዲያ ያለው የእርሱ መጋዘን ነው። አምና ተከራየው። ለጫማ ማከማቻ፣ አለኝ።

አላመንሁትም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 12። ረፋድ።

«ኩድ»። ሊሆን ስለሚችል ነገር። እንዲቀልለው በቤቱ ውስጥ ባሉ ዕቃዎች ዐረፍተ ነገር እንዲሠራ አዘዝሁት። ወንበሩ ሊሰበር ይችላል፣ መስተዋቱ ሊወድቅ ይችላል የሚል ነገር ነበር የጠበቅሁት። ተነሣ። ወደ ጓዳው ሄደ። ግድግዳውን በመዳፉ መታ መታ አደረገና «ዚስ ዎል ኩድ ቢ ኤ ዶር» አለ። ይህ ግድግዳ በር ሊሆን ይችላል።

ስሕተት የለበትም። ያስፈራኝም ይኸው ነው። ይህ ሰው አንድ ዐረፍተ ነገር ያለ ስሕተት ለመናገር ቀናት ያስፈልጉታል። ሲያስብበት ከርሟል ማለት ነው።

መሳለሚያ አጠገብ፣ ፊቱ ወደ መንገድ የሆነ ቤት ምን ያህል ምራቅ እንደሚያስውጥ አውቃለሁ። ገረመው ደላላው በየሳምንቱ ደጄ ላይ ይቆማል። ጥቁር ኮት፣ ሁለት ስልክ፣ ጠረን ያለው ቅባት። ባለፈው ምን አለኝ፦ «መምህር፣ ይሄ ጫጫታ አይሰለችዎትም? ከከተማ ወጣ ብሎ ጸጥ ያለ ኮንዶሚኒየም አለኝ። ወፍ ብቻ ነው የሚጮኸው።» ወፍ አልወድም ብዬ ዘጋሁበት።

መሠረት ማታ ስለ በርጋ ትምህርት ጠየቀችኝ። ይገባዋል ወይ? እርስዎ ይወዱታል ወይ? ሁለተኛው ጥያቄ ምን ያደርጋል? ተማሪ የሚለካው በሚያውቀው ነው። ይህንኑ ነገርኋት። ሳህኖቹን አነሣች።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15። ከቀኑ 9 ሰዓት።

ከመጀመሪያው ልጻፍ።

ለመሠረት የረሳችውን መነጽር ላደርስላት ዱባይ ተራ ሄድሁ። በሚኒባሱ ውስጥ ረዳቱ «ፋዘር፣ ጠጋ በላ!» አለኝ። በእንግሊዝኛ ቢሆን ቢያንስ «ኩድ ዩ» ያስፈልገው ነበር። በአማርኛም ቢሆን «ጠጋ ይበሉ» የሚባል አለ። አረምሁት። ተሳፋሪው ሳቀ፤ እርሱ ግን በሚቀጥለው ፌርማታ ላይ አንዲትን እናት «ጠጋ ይበሉ» ሲል ሰማሁት። አንድ ሰው ተማረ።

ሱቁ ስደርስ ምን አየሁ? በርጋ በርጩማ ላይ። መሠረት ከጎኑ ቆማ። በመካከላቸው ገረመው ደላላው፣ እጁን በበርጋ ትከሻ ላይ ጥሎ። ሲያዩኝ ገረመው ቶሎ ብሎ ተነሣ፤ «የእኅቴ ልጅ ነው እኮ፣ መምህር!» አለኝ። አጎትና የእኅት ልጅ! አንዱ በበር ይመጣል፣ ሌላው በትምህርት።

የከፋው ይህ አይደለም። የከፋው መሠረት ናት። ፊቷ ቲማቲም መሰለ። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ያለነው እርሷና እኔ ብቻ ነን። ቤቱ ቢሸጥ እርሷ ከጓደኞቿ ጋር የትም ትኖራለች። እኔ ግን ከወፎቹ ጋር። መነጽሯን ሰጥቻት ተመለስሁ። ሻይ ይጠጡ አሉኝ፤ አልጠጣሁም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 17።

ላባርረው አስቤ ነበር። ተውሁት። ቀርቦ ማየት ይሻላል።

«ሹድ»። ለታመመ፣ ለሚቸኩል፣ ለደከመ ሰው ምክር ስጥ አልሁት። የታመመው ሐኪም ዘንድ ይሂድ አለ። ደግ። የሚቸኩለው ሚኒባስ ትቶ በእግሩ ይሂድ አለ። መርካቶን ለሚያውቅ ይህም ደግ። ከዚያ ሳልጠይቀው ጨመረ፦ «አን ኦልድ ማን ሹድ ኖት ሊቭ አሎን።» ሽማግሌ ሰው ለብቻው ሊኖር አይገባም።

ማነው ለብቻው የሚኖረው? አልሁት። እኔ ልጅ አለችኝ።

መሬት መሬት አየ። ግንባሩን በክንዱ ጠረገ። ሰዓት ደርሷል ብሎ ወጣ። ሰዓቱ ገና ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ሱልጣን መጣ። ወዳጄ ነው፤ አንዋር መስጊድ አጠገብ ቅመም ይሸጣል፤ ከቤቱ ቤቴ የአንድ አጥር ርቀት ነው። ሐጂ ወደ ቤቴ ሲገባ ጠይቆኝ አያውቅም፤ ድስት ከፍቶ ያያል። ዛሬ ግን በሩ ላይ ቆሞ፦

— እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ቤት አለህ?

— የት እሄዳለሁ?

— አይ፣ እንዲያው ነው። ወጣ እንዳትል ብዬ። ደግሞ ያንን ግራጫ ኮትህን ልበስ።

ኮቴን? ምን አገባው? ስለ ምን እንደሆነ ስጠይቀው ጢሙን እየዳሰሰ ስለ ኮረሪማ ዋጋ አወራኝ። ሐጂ ስለ ኮረሪማ የሚያወራኝ አንድ ነገር ሲደብቅ ብቻ ነው።

እርሱም ገባበት ማለት ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 19።

«ሜይ»። ፈቃድ። ፈቃድ የሚጠየቀው ሥልጣን ያለው ሰው ነው አልሁ፤ ሰጪውና ጠያቂው እኩል አይደሉም። በርጋ አንድም አልሳተም። በ«ማስት» በር ሲሰብር የኖረ ሰው ዛሬ አጎንብሶ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መግባት ይፈቀድልኛልን ይላል። መቀመጥ ይፈቀድልኛልን። እሁድ ሰው መላክ ይፈቀድልኛልን።

ምን ሰው? አልሁት። ለልምምድ ነው፣ ጋሼ፣ አለ።

አንድ ሰው አሠልጥኖታል። መሠረት ትሆናለች፤ እርሷም በእኔ እጅ ነው የተማረችው።

ቤቱም ተለውጧል። አዲስ መጋረጃ። የእንግዳ ወንበሮቹ ታጥበው ጸሐይ ላይ ናቸው። የጣሪያው ሸረሪት ድር ወርዷል። ለማን? ስጠይቃት «ቆሽሾ ነው፣ አባባ» አለችኝ። ቆሽሾ የኖረ ቤት በዚህ ሳምንት ምን አስቸኮለው? ለገዢ የሚታይ ቤት እንዲህ ነው የሚዘጋጀው። አንቺ ልትነግሪኝ የሚገባ ነገር አለ ወይ አልኋት። አፏን ከፈተች። ወደ እናቷ ፎቶ አየች። «የለም» አለች።

እሁድ፣ ጥቅምት 23። ከጠዋቱ 5 ሰዓት።

አሸነፍሁ። በችኮላ ነው የምጽፈው፤ ጽሕፈቴ አያምርም፣ ይቅርታ።

መሠረት ከቤተ ክርስቲያን አልተመለሰችም። ጓደኛዬ ዘንድ እውላለሁ አለች። ቤቱን ለቅቃ ማለት ነው፤ ፊቴን ላለማየት። ግራጫ ኮቴን ሆን ብዬ አልለበስሁም። በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሰዎች። ሐጂ ሱልጣን። ገረመው ደላላው፣ ስልኮቹን ደብቆ። በመካከላቸው የማላውቀው ሽማግሌ፤ ንጹሕ ጋቢ፣ ከዘራ፣ የተከበረ ፊት። ገዢው!

ግቡ ሳልላቸው ቆመው ጠበቁ። ገረመው ጉሮሮውን ጠረገ። ሳይተነፍስ ቀደምሁት። የሚታይ ቤት የለም፣ ደኅና ዋሉ አልሁ። ሐጂን ለይቼ፣ ከአንተ አልጠበቅሁም አልሁት። የማላውቀው ሰውዬ ብቻ በቀስታ «እንግዲህ ፈቃድዎ ካልሆነ» አለና ከዘራውን አዞረ። ገዢ እንዲህ ጨዋ ሲሆን ይበልጥ መጠርጠር ነው።

ዘጋሁ። ወንበሮቹ አልተነኩም።

ያው ዕለት። ከምሽቱ 12 ሰዓት።

መሠረት ገባች። ባዶዎቹን ወንበሮች አየች። ማንም አልመጣም ወይ አለች። መጥተው ነበር፣ ከበር መለስኋቸው አልሁ። በኩራት ነው ያልሁት።

አልጮኸችም። መጋረጃውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ወንበሮቹን አንድ በአንድ ወደ ጓዳ መለሰቻቸው። ራቴን አቀረበችልኝ። እርሷ አልበላችም።

ቤት ሊሸጥ ሲል የተያዘ ሰው ይቆጣል፣ ይምላል። እንዲህ አይሆንም። የሳትሁት ነገር አለ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 24።

በርጋ አልመጣም። ሰሌዳውን ጠርጌ ጠበቅሁት።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25። ከሰዓት።

ራሴ ሐጂ ሱቅ ሄድሁ። በርበሬ እየመዘነ ነበር። ቀና አላለም። ደንበኛዋን እስኪሸኝ ቆምሁ።

— ስንት ኪሎ ነው የሚፈልጉት? አለኝ። እርስዎ ብሎ! ሐጂ እኔን!

— ቀልዱን ተወው፤ ንገረኝ፤ ቤቴን ለማን ልታሸጡ ነው?

ማንኪያውን በርበሬው ውስጥ ተከለው።

— የምን ቤት? ሽማግሌ ነበርን እኮ፣ አንተ ሰውዬ! ሽማግሌ! ለመሠረት! ልጅህን ለልጃችን ልንል መጥተን እንደ ሌባ መለስከን። ያ ጋቢ የለበሰው የበርጋ አባት ታላቅ ወንድም ነው። ከአገር ቤት ነው የመጣው፤ ለዚህ ብሎ!

— ታዲያ ደላላው ምን ያደርጋል?

— አጎቱ ነዋ! ምላሱም ጥሩ ነው። ደላላ ሽማግሌ አይሆንም ያለው ማነው?

መርካቶ ውስጥ ደላላ መሐል የቆመበት ነገር ሁሉ ሽያጭ ነው። ማንም እንደ እኔ ያስብ ነበር። ይህን ነገርሁት። ሐጂ ግን አልቀዘቀዘም። ለምን አስቀድሞ አልተነገረኝም ስለው ነው ድምፁ የወረደው። ሴት ልጅ ለአባቷ አትናገርም፤ ለእናቷ ትናገራለች፣ እናት ለአባት ታደርሳለች። እናቷ የለችም። መሠረት ለሐጂ ሚስት ነገረች፤ የሐጂ ሚስት ለሐጂ። ሐጂ ለእኔ።

— እኔም ነገርኩህ፣ አለ። ኮትህን ልበስ አላልኩህም?

ስለ ኮት ነገረኝ። ስለ ልጄ ግን አልነገረኝም። አስነጠሰኝ፤ ከበርበሬው ነው።

አሁንስ ይመለሳሉ ወይ? አልሁ። ራሱን ነቀነቀ። ከበር የተመለሰ ሽማግሌ ላኪው ደግሞ ካልላከው አይመጣም። ላኪውም አይልክም፤ አጎቱ ገረመው አሳፍረውኛል ብሎ ምሏል። ከሴት ወገን ደግሞ ኑ ብሎ መጥራት የለም። ልጅን እንደ መግፋት ነው።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26።

መሠረት አርባ ሊሞላት ጥቂት ቀርቷታል። ይህን ስጽፍ ገረመኝ። ሁልጊዜ ገና ትመስለኛለች።

ቁርስ ላይ ጠየቅኋት። በቀጥታ። ትፈልጊዋለሽ ወይ? ዳቦውን ቆረሰች፣ አስቀመጠች። አዎ አለች። ታዲያ ግድግዳው ምንድን ነው? አልሁ፤ ይህ አንድ ነገር አላስተኛኝም።

— አባባን ጥዬ ከዚህ ቤት አልወጣም አልኩት። አንድ ዓመት ሙሉ እምቢ አልኩት። ከዚያ ሄዶ መጋዘኑን ተከራየ። ወዲያ ማዶ ቤት እናደርገዋለን፣ ለግድግዳው በር እናወጣለታለን፣ አባትሽ ሲስሉ ትሰሚያለሽ አለኝ።

ስታለቅስ አላየኋትም፤ ዞራ ነበር። እኔም ሰዓቴን አየሁ።

ግድግዳው ጭቃ ነው። ያረጀ ነው። በር ቢወጣለት ጣሪያውን ምን ይሸከመዋል? አንዱም አላሰበበትም። የሚያስብ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 28። ከቀኑ 10 ሰዓት።

ሄድሁ። ግራጫ ኮቴን ለብሼ።

መጥራት ነውር ነው፤ ይሁን። መሄድ ግን ማንም አልከለከለም። የጁምዓ ሰጋጁ ገና መበተኑ ነው፤ መንገዱ ሙሉ፣ ተሸካሚው «ዞር! ዞር!» እያለ ይገፋል። በርጋ ሱቅ ደጃፍ ደረስሁ። መሠረት ሱቋን ዘግታ ነበር። በርጋ ዘሎ ተነሣ፣ በርጩማውን በክንዱ ጠርጎ አቀረበልኝ። ጋሼ ይቀመጡ። አልቀመጥም አልሁ።

ምነው፣ አመማቸው እንዴ አሉ ጎረቤቶቹ። ከዘራዬን ይዤ ቆምሁ፣ ልክ እነርሱ ደጄ ላይ እንደቆሙት። ከማዶ ያለው ነጋዴ ኮቴንና መነጽሬን አይቶ «ግብር ሰብሳቢ ነው፣ ኧረ ዝጉ!» ብሎ የሱቁን መዝጊያ እስከ ወገቡ አወረደው። ሌላዋ፣ «ኧረ ጋሼ ስንት ቁጥር ነው የሚያደርጉት? ካልተቀመጡ እንዴት ይለኩ?» አለች። ሳቁ። አልተቀመጥሁም።

በርጋ አጎቱን ጠራ። ገረመው መጣ፣ ሁለቱንም ስልክ ይዞ። ያንንም ሰው ፊት ለፊት አይቼ ተናገርሁ፦ ከደጄ ቆማችሁ ተመለሳችሁ። ሽማግሌ እንደገና እንልካለን እስክትሉኝ እዚህ ደጅ አልቀመጥም።

ገረመው ስልኮቹን ኪሱ ከተተ።

— መምህር፣ እኔ በሕይወቴ ቤት ለማየት ሳላስብ የቆምኩበት በር ያን እሁድ የእርስዎ ብቻ ነበር፣ አለ። — እሱንም ዘጉብኝ።

በርጋ አጎቱን አየው። አጎቱ ረዥም ተነፈሰ፣ ይሁን እንደማለት ጭንቅላቱን ወደ ጎን ጣል አደረገ። በርጋ ወደ እኔ ዞረ። እጁ ደረቱ ላይ። ያስተማርሁትን ሁሉ ከአንድ ቦታ ለቃቅሞ እንደሚያወጣ ሰው አፉን አንቀሳቀሰ።

«ጋሼ፣ ዩ ሜይ ሲት ዳውን ናው።» አሁን መቀመጥ ተፈቅዶልዎታል።

ታናሽ ለታላቅ በ«ሜይ» ፈቃድ አይሰጥም። ላርመው አፌን ከፈትሁ። ፈቃድ የሚሰጥ ሥልጣን ያለው ነው ያልሁት ራሴ ነኝ። ሥልጣኑ ደግሞ ዛሬ በእኔ እጅ አልነበረም።

ተቀመጥሁ። ሻዩንም ጠጣሁ። ስኳሩ በዝቶ ነበር፤ አልተናገርሁም።

እሁድ፣ ጥቅምት 30። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል።

ወንበሮቹን ራሴ አወጣኋቸው። መሠረት ዛሬም ጓደኛዋ ዘንድ ሄዳለች፤ እንዲህ ነው የሚደረገው፤ አሁን ገብቶኛል። ስትወጣ የኮቴን ኮሌታ አቃናችልኝ። እናቷም ታደርገው ነበር።

ወሰንሁ፣ ማስታወሻዬ። በልማዱ አባት መክሬ እነግራችኋለሁ ብሎ ሽማግሌዎቹን ያመላልሳል። አንድ ጊዜ መልሻቸዋለሁ፤ ያ ይቆጠር። ዛሬ ልጄን ጠይቄያለሁ፣ ፈቅዳለች፣ እኔም ፈቅጃለሁ እላለሁ። ከዚያ ይቀመጣሉ። ከዚያ ስለ ግድግዳው እጠይቃለሁ። ግንበኛው ማነው? አቧራው ሲነሣ መጻሕፍቴ የት ይገባሉ? በሩ ከየት ወገን ይቆለፋል? ይህን ሳይመልሱልኝ አይወጡም። እዚህ ላይ «ማስት» ነው።

በርጋም ከነገ ጀምሮ ይመለሳል። ገና የምኞቱ «ውድ» ይቀረዋል።

አሁን ተንኳኳ። በመስኮቱ አየኋቸው። ሦስት ናቸው። ሐጂ ኩፍያውን እያስተካከለ። የአገር ቤቱ ሰው ከዘራውን ተደግፎ። ገረመው፣ ያው ጥቁር ኮት። ቀና ብሎ የበሩን ጉበን እያየ ነው። አሁን ስፋቱን በስንዝር እየለካ ነው! በዚህ ሰዓት! እያየሁት ነው፤ አላለፈኝም።

ሆኖም በሩን ልክፈትላቸው።